ለከርሞ ዘር ይሆናል ወይ?

ቁንጮ ጤፍ ወደ ምንጃር ሲገባ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ዘሩን ሳከፋፍል አንድ አዛውንት በመዳፋቸው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ለከርሞ ዘር ይሆናል ወይ?» አሉኝ። በልውጠ ሕያዋን፣ ማለትም ዘረ መላቸው በምህንድስና በተለወጠ ፍጥረታት ላይ የተነሣውን ተቃውሞ ታሪክ የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ገበሬያችን ዘር መለወጥ አያስፈራውም። ያማረውን ማሳ ለይቶ ለዘር ያስቀራል፤ የበቆሎና የማሽላ ራስ ከምድጃ በላይ ሰቅሎ በጢስ ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ሲቸግረው ከጎረቤት ይለውጣል። የጤፋችን ብዙ ዓይነትነት የዚህ የረጅም ዘመን ምርጫ ፍሬ ነው።

ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ማዳቀልን ጨመሩ። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የሚከፈተው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 የአበባውን ሰዓት እስኪደርሱበት ድረስ ሁለት ጤፎችን በሰው እጅ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ከዚያ ወዲህ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ ዱከም የተባለውን ምርታማ ጤፍ ፍሬው ከነጣው ማኛ ጋር አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮን አወጡ። የሰው እጅ እንዲህ ቢገባበትም የተቃወመ ገበሬ አላየሁም። ጤፍ ራሱን ስለሚያዳቅል ከአውድማ የተቀመጠው ዘር ወላጁን መስሎ ይበቅላል። ለአዛውንቱ «አዎ፣ ይሆናል» ያልኳቸውም ለዚህ ነው።

የዘረ መል ምህንድስና ከዚህ ይለያል። ማዳቀል ዘመዳም ተክሎችን ያገናኛል፤ ምህንድስናው ግን ዝምድና አያግደውም። ቢቲ ጥጥ ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ከተባለ ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል ስለገባበት ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን ራሱ ይሠራል። እንዲህ ያለው ዘር ድንበር ከመሻገሩ በፊት ተቀባዩ አገር አውቆ ይስማማ ብለው ከተከራከሩት ግንባር ቀደሙ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው። ይህን የሚደነግገው የካርታሄና ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2009 ጥብቅ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ አወጣች፤ በ2015 አላላችው፤ በ2018 ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላዎች እንዲዘሩ ፈቀደች። የዲቃላ ዘር ከአንድ ወቅት በኋላ ጠባዩ ስለሚበታተን በየዓመቱ ይገዛል።

ይህን ጥገኝነት ግን ምህንድስናው ብቻ አላመጣውም። ከባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 በቆሎ በተለመደው መንገድ የተዳቀለ ሲሆን ገበሬው እሱንም ይገዛል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ሲያገኝ አንድም ዘረ መል አልተነካም። የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እኛ ስለ ላቦራቶሪ ስንጨቃጨቅ የጤፋችን ነገር በውልና በፓተንት ተይዞ ከርሟል።

ስለዚህ ሁለቱ ስጋቶች ይለዩ። ለጤናና ለአካባቢ የሚፈራው በእያንዳንዱ ዘር ላይ በሚደረግ ምርመራ ይመለሳል፤ የባለቤትነቱ ግን በሕግ ብቻ። ተቃዋሚውን ሁሉ አላዋቂ የሚሉ ምሁራን ሁለተኛውን ስጋት አልሰሙም፤ ቴክኒኩን ብቻ የሚያወግዙም ውሉን ሳያነቡ ያልፋሉ።

ጉዳዩ ጤፍ ጋ ደርሷል። ጤፍ ቁመቱ ረዝሞ አገዳው ስለሚቀጥን ይጋሸባል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች በዘረ መል አርትዖት፣ ማለትም የራሱን ዘረ መል በማስተካከል፣ ቁመቱን አሳጥረው መጋሸቡን መቀነሳቸውን አሳትመዋል። ደህንነቱ በአገራችን ማሳ ከተረጋገጠ አልቃወመውም። ነገር ግን ገበሬው ዘሩን የማስቀረት፣ የመለዋወጥና የመሸጥ መብቱ በፈቃዱ ሰነድ ላይ በግልጽ ይስፈር፤ ይህ ያልሰፈረበት ፈቃድ መሰጠት የለበትም።