ድርቆሽ በሚከመርበት ወራት

በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 16 ቀን 1819 ዓ.ም. ጆን ቦስቶክ የተባለ የሊቨርፑል ተወላጅ ሐኪም በሎንዶን በሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሞ የአንድ ሕመምተኛን ታሪክ አነበበ። በስሙ መነሻ ፊደላት ብቻ የተጠቀሰው ያ የ46 ዓመት ሕመምተኛ ራሱ አንባቢው ነበረ። ደዌው ከ8 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ወር፥ በእኛ ሀገር ክረምቱ ግም ብሎ ሰማዩ በሚጠቍርበት፥ በእነርሱ ዘንድ ግን ፀሐይ በርትታ ሣሩ በሚያብብበትና ድርቆሹ በሚከመርበት ወራት፥ ቀጠሮውን ሳያዛንፍ ይመጣበት ነበር።

ዓይኑ ይቃጠላል፥ ያነባል፤ ራሱ ይከብደዋል፤ ማስነጠሱ አያባራም፤ ደረቱ ይጠብበዋል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ባጠገቡ ያለ ሰው ሊያየው ይችላል። ቦስቶክ ግን በዚያ አላቆመም፤ ብርቱ የሰውነት መዛልን፥ ጡንቻን ለማንቀሳቀስ አቅም ማጣትን፥ የምግብ ፍላጎት መጥፋትን፥ መክሳትን፥ በላብ የተጠመቀ ዕረፍት የለሽ ሌሊትን፥ የእጅና የእግር መቀዝቀዝን፥ ጥቂት ሲንቀሳቀስ እስከ 120 የሚደርሰውን የልብ ትርታ አንድ በአንድ ጻፈ። በእኔ ግምት የጽሑፉ ታላቅ ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዓይኑ የሚያነባ ሰው ምስክሩ ፊቱ ላይ ስላለ ይታዘንለታል፥ ጎረቤቱ ሁሉ ማጭድ ይዞ በተሰማራበት በዚያ በብሩህ ወቅት «አካላቴ ዝሏል፥ አጥንቴን ይሰብረኛል» የሚል ሰው ግን ከራሱ ቃል በቀር ምስክር የለውምና፥ ስሙ ስንፍና ይሆናል።

ያልሞከረው መድኃኒት አልነበረም፤ ደም ማውጣት፥ የሚያስቀምጥ መድኃኒት፥ የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት፥ ኦፒየም፥ ሜርኩሪ፥ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ሁሉ ተፈተነ፤ የሚበዛውም አድካሚ ስለ ነበረ፥ የዛለውን ሰውነት ይበልጥ አዛለው። ራምስጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠበት ጊዜ ግን ዕረፍት አገኘ። በ1828 ዓ.ም. ሁለተኛ ጽሑፉን ሲያወጣ የሰበሰባቸው የሌሎች ሕሙማን ታሪኮች ገና 28 ብቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ደዌውን «የድርቆሽ ትኩሳት» ይለው ነበር፤ ሊቁ ግን ነገሩን በፀሐይ ሙቀት አሳብቦ የሕዝቡን ቃል ሳይቀበል ቀረ። ሕዝቡ ወደ እውነቱ ይበልጥ ቀርቦ እንደ ነበረ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ያንንም ያሳወቀ ሌላ ሕመምተኛ ሐኪም ነው። የማንቸስተሩ ቻርልስ ብላክሊ በሣር አበባ ውስጥ ያለውን ብናኝ በገዛ አፍንጫው እየሳበ፥ ቆዳውን እየፋቀ በላዩ እያኖረ፥ በራሱ ላይ የሚያመጣውን ሥቃይ ሁሉ በመዝገብ ጻፈ። ልጆች በገመድ ይዘው በነፋስ የሚያንሳፍፉትን ካይት እንኳ ለዚህ ሥራ አዋለው፤ የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ መስተዋት አስሮበት ከ1000 ጫማ በላይ እየሰደደ ደዌውን የሚያመጣው ብናኝ በአየር ላይ እንደሚጓዝ አረጋገጠ። መጽሐፉ በ1873 ዓ.ም. ታተመ።

በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ተራሮች ላይ፥ ቤተልሔም በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ሕሙማኑ ራሳቸው ማኅበር አቋቋሙ። ብናኙ የማይበዛበትን ቀዝቃዛ የተራራ አየር ፍለጋ የደዌያቸው ወራት ሲደርስ ወደዚያ ይወጡ ነበር። ያ መድኃኒት ግን ገንዘብና ጊዜ ላለው ብቻ ነው፤ በማሳው ላይ የሚውል ገበሬ ከሣሩ ወዴት ይሸሻል?

«አለርጂ» የሚለውን ቃል በ1906 ዓ.ም. ያወጣው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። በ1911 ዓ.ም. ሐኪሙ ሌናርድ ኑን በሎንዶን የሣር ብናኝ ጭማቂን በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ እየሰጠ ሰውነትን ማለማመድ ጀመረ። ዛሬ እንደምናውቀው፥ በአለርጂ ጊዜ ሰውነት ምንም የማይጎዳውን እንግዳ ጠላት መስሎት ነጋሪት አስጐስሞ ክተት እንደሚያውጅ ንጉሥ ነው፤ በዚያም ዘመቻ ከሚያፈስሳቸው ነገሮች አንዱ ሂስታሚን ይባላል። በታፈነ አፍንጫ ያደረ ሰው ደግሞ እንቅልፉ ስለሚቈራረጥ፥ ዘመቻው ሲነጋ የሚተወው ድካም እጥፍ ይሆናል።

በ1937 ዓ.ም. ተመራማሪው ዳንኤል ቦቬ በፓሪስ ሂስታሚንን የሚገታ ነገር አገኘ፤ ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቹ በ1957 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ግኝት የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ኪኒኖች ማስነጠሱን ጸጥ አደረጉ፥ እንባውንም አደረቁ፤ ነገር ግን ወደ አንጎል ስለሚዘልቁ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኙ ነበር፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ዓይኑ ጠርቶ፥ አፍንጫው ተከፍቶ፥ በቀትር በሥራ ጠረጴዛው ላይ ያንጐላጅ ጀመር።