የቁስል እንክብካቤ ወጪ፦ ከማሸጊያው ዋጋ ባሻገር

ቁስል ማጠብና ማሸግ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል በነርሶች ዘወትር ከሚሰጡ አገልግሎቶች አንዱ ነው። ወጪው ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በደረሰኝ ላይ የሰፈረው ዋጋ ብቻ ነው፤ ትራንስፖርቱና የታካሚውም ሆነ የአስታማሚው የባከነ የሥራ ቀን ከሒሳብ ይቀራል።

ጎዝ ርካሽና በየትኛውም ጤና ተቋም የሚገኝ በመሆኑ ለአዲስና ለትንሽ ቁስል በቂ ነው። ለብዙ ሳምንታት ለሚቆይ ቁስል ግን ስሌቱ ይለወጣል። ጎዝ ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ይቀየራል፤ ሲደርቅም ከቁስሉ ጋር ስለሚጣበቅ በሚነሣበት ጊዜ አዲስ የሚያቆጠቁጠውን ሥጋ ይዞ ይነሣል። እርጥበት ጠባቂ ማሸጊያዎች በነጠላ ዋጋቸው ከጎዝ በእጅጉ ይወደዳሉ፤ ሆኖም እንደ ዓይነታቸው ከ3 እስከ 7 ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። በየቀኑ የሚቀየር ማሸጊያ በ30 ቀን ውስጥ 30 ምልልስ ሲጠይቅ፣ በየ3 ቀኑ የሚቀየረው 10 ብቻ ይጠይቃል። በአንጻሩ መግል የያዘ ወይም ብዙ ፈሳሽ የሚወጣው ቁስል ለቀናት ታሽጎ መቆየት ስለማይገባው ውድ ማሸጊያ መግዛት ኪሳራ ይሆናል። ምርጫው ቁስሉን ላየው ባለሙያ የሚተው ነው።

ለማጠቢያ ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ለአብዛኛው ቁስል ይበቃል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደጋግሞ መጠቀም ጤናማውን ሥጋ ይጎዳል። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን በቁስል ላይ መነስነስም በብዙ ቤት የተለመደ ቢሆንም ገንዘብ ከማባከኑ በላይ ተህዋስያን መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል።

የስኳር ሕመም ወይም የሥጋ ደዌ ባለበት ሰው የእግር መዳፍ ላይ የወጣ ቁስል የተለየ ነው። እግሩ ስለደነዘዘ ሕመም አይሰማም፤ ታካሚው ቁስሉን እየረገጠ ከተራመደ የትኛውም ማሸጊያ አያድነውም። እዚህ ላይ ዋናው ሕክምና ክብደትን ከእግሩ ማንሣት ነው፤ መዘግየት እስከ እግር መቆረጥ ያደርሳል። ቁስሉ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ ዙሪያው ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን ይዘው አገልግሎቱን ከጤና ጣቢያ መጀመር ይኖርባቸዋል፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱትም በሪፈራል ወረቀት ነው። በተቋሙ ያልተገኘ ማሸጊያ ከግል መድኃኒት ቤት ከመገዛቱ በፊት ወጪው የሚሸፈን መሆኑን የወረዳውን የመድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ ደረሰኙንም መያዝ ይገባል።