«ብላዲ» እንዴት ነውር ሆነ?

«ብላዲ» በብሪታንያና በአውስትራሊያ እንግሊዝኛ ንግግርን ለማክረር የሚገባ፣ ለዘብ ያለ የብልግና ቃል ነው። በቁሙ ሲፈታ «ደም የነካው» ማለት ነው። ይሁንና «ብላዲ ኮልድ» የሚል ሰው ስለ ደም አያወራም፤ ብርዱ ክፉኛ እንዳማረረው ይናገራል እንጂ።

ስለ አመጣጡ በሰፊው የሚነገረው፣ በድንግል ማርያም ስም ይማልበት የነበረው «ባይ አወር ሌዲ» ተኮማትሮ «ብላዲ» ሆነ የሚለው ነው። ቃሉን «በአምላክ ደም» ከሚለው አሮጌ መሐላ የሚያመጡትም አሉ። ሁለቱንም ግምቶች ሰዋስው ይጥላቸዋል። መሐላ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ «ብላዲ» ግን ከጥንት ማስረጃዎቹ ጀምሮ ቅጽል ላይ ተደግፎ «በጣም» እንደማለት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1676 ለመድረክ በበቃው የጆርጅ ኤተሬጅ ተውኔት የስካርን ብዛት ገልጿል። ጆናታን ስዊፍትም በ1711 ስለ ቀኑ ሙቀት ሲጽፍ ተጠቅሞበታል። ስዊፍት ቄስ ነበር፤ የጻፈውም ለሴት ወዳጁ ነው። ቃሉ በእመቤታችን ስም ላይ የሚያላግጥ ወይም አሳፋሪ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ከብዕሩ ባልወጣ ነበር። ስለዚህ ከደምና ከጦርነት ጋር የተያያዘው የጭካኔ ስሜት ቀስ በቀስ ወደ ማጋነኛነት ተለወጠ ማለት ይበልጥ ያሳምናል።

ነውሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ይህን አገባብ እጅግ ያልታረመ አነጋገር ብሎታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ቃሉ የዝቅተኛው መደብ መለያ ተደርጎ ታየ፤ አታሚዎችም መካከሉን በሰረዝ ሸፍነው የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሎቹን ብቻ ያትሙ ጀመር።

ሚያዝያ 11 ቀን 1914 (እ.ኤ.አ.) በለንደን የበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» ሲታይ፣ አበባ ሻጭዋን ኢላይዛን ሆና የተጫወተችው ሚስስ ፓትሪክ ካምቤል ቃሉን በመድረክ ላይ ተናገረች። አዳራሹ በረጅም ሳቅ ተናወጠ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። ከዚያ ወዲያ «ብላዲ» ማለት የከበዳቸው ሰዎች በምትኩ «ፒግማሊየን» ይሉ ነበር።

በአውስትራሊያ ቃሉ የዕለት ተዕለት ንግግር ማጣፈጫ ሆኗል። አገሪቱ በ2006 ቱሪስቶችን ለመጋበዝ በሠራችው ማስታወቂያ ውስጥ ስታስገባው ግን በብሪታንያ ቴሌቪዥን ለአጭር ጊዜ ታገደ። ቄስ ሳያፍር የጻፈውን ቃል ነውረኛ ያደረገው የድኾች አፍ ማዘውተሩ ነው፤ የመሐላው ታሪክ ለዚያ ንቀት በኋላ የተፈለገለት ምክንያት ነው።