የ12 ሲሊንደር ጉልበት በቆቦ ሜዳ

የኢትዮጵያ የመኪና ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ዎልስሊ አውቶሞቢሉን በረሃና ተራራ አሻግሮ አዲስ አበባ አስገባ፤ አፄ ምኒልክም ተሳፈሩበት። ትረካው ከዚያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይሶች ይሻገርና መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ተወስደው በወጡባት አነስተኛ ቮልስዋገን ይዘጋል። አጀማመሩም አጨራረሱም ያማረ ነው። ችግሩ መኪናን በተሳፋሪው ማዕረግ ብቻ መለካቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወጣው መንገድ የራያን ሜዳ በሚያቋርጥበት በቆቦ በኩል ለተመለከተው ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። በዚህ ሜዳ የአንድ መኪና ጉልበት በሞተሩ ተወስኖ አያውቅም። የወሰኑት መንገዱ፣ ጭነቱና ጭነቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ናቸው። ይህን ለመፈተን ደግሞ ባለ 12 ሲሊንደሩን የቅንጦት አውቶሞቢል የሚያህል ማስረጃ የለም፤ ብዙ ጉልበት አምጥቶ ጥቂት ሰው የሚጭን ከእርሱ የበለጠ የለምና።

በመጀመሪያ ለሞተሩ የሚገባውን ክብር እንስጠው። የአሜሪካው ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1915 ባለ 12 ሲሊንደር አውቶሞቢል በብዛት መሥራት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሞተር የባለጸጋና የመሪ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ 5.3 ሊትሩን አወጣ። ቢኤምደብሊው በ1987 ባለ 5 ሊትርና ባለ 300 የፈረስ ጉልበቱን አስከተለ፤ መርሴዲስ በ1991 ወደ 400 የፈረስ ጉልበት በሚጠጋ ባለ 6 ሊትር ሞተር መለሰለት። እነዚህን የነዱ ሰዎች አብዝተው የሚያወሱት ፍጥነቱን ሳይሆን ጸጥታውን ነው፤ ምስጋናቸውም ከንቱ አይደለም። በአራት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ዋናው ዘንግ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ነዳጅ ይቃጠላል። በ12 ሲሊንደር ግን ዘንጉ 60 ዲግሪ በዞረ ቁጥር ሌላ ሲሊንደር ይተኮሳል፤ የፒስተኖቹም መወራጨት እርስ በርሱ ይጣፋል። ስለዚህ ሞተሩ አይንቀጠቀጥም፣ ሲፋጠንም አይንገጫገጭም። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ምስጋና የተጻፈው በለሰለሰ አስፋልት ላይ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ወንበሩን የሚንጠው ሞተሩ ሳይሆን ጎማው የሚረግጠው መሬት ስለሆነ፣ የ12ቱ ሲሊንደሮች ስምምነት ለተሳፋሪው አይሰማም።

የቆቦ አቀማመጥ ለዚህ ክርክር የተመቸ ነው። ከወልዲያ በዶሮ ግብር በኩል ቁልቁል የወረደ መኪና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይደርሳል፤ ከዚያ በዋጃና በጥሙጋ አድርጎ አላማጣ ይገባል። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል። በመካከላቸው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በማይሞላ ከፍታ፣ ሜዳው ተዘርግቷል። ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ የደረሰ ኃይለኛ አውቶሞቢል በስተመጨረሻ የሚመቸውን መሬት አገኘ ሊባል ይችላል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አድማሱም ክፍት ነው። ግን ምቾቱ ዕድሜ የለውም። በክረምት ከላስታ የሚወርደው እንደ ጎሊናና ሆርማት ያለ ወንዝ፣ ገበሬው ወደ ማሽላ ማሳው የሚጠልፈው ያው ጎርፍ፣ ድልድይ በሌለበት ዘመን መኪናውን ከዳር ያቆመው ነበር። አላማጣን አልፎ ደግሞ ግራ ካሕሱ ይጠብቀዋል፤ ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጠመዝማዛ ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ወጥቶ ቆረም የሚያደርስ አቀበት ነው።

እዚህ ላይ የሞተር አድናቂ ትክክለኛ ተቃውሞ ያነሳል፤ አቀበት ከሆነ ጉልበት ያስፈልጋል አይደል? አዎ፣ ያስፈልጋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ቆረም ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጎድሎበታል፤ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው 300 ይቀረዋልና ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን ግራ ካሕሱ ሰው የሚገድለው ሲወጡት ሳይሆን ሲወርዱት ነው። በጠቅላላው 20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 54 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ኃይል አውጥቶ መጣል አለበት፤ ይህ ሁሉ ወይ በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ይሆናል፣ ወይ በከባድ ማርሽ ሞተሩ ላይ ይያዛል። ሁለት ቶን የሚመዝነው አውቶሞቢል የሚጥለው የዚያን አሥረኛ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር በወጣበት ማርሽ የሚወርደው ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የመንዳት ጥበብ ማለት ጉልበትን መያዝ ነው፤ የቅንጦት አውቶሞቢል ማስታወቂያ ደግሞ የሚሸጠው ጉልበትን መልቀቅ ነው።

ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር በሰሜን ኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የገባው በአውቶሞቢል ኮፈን ሥር ሆኖ ሳይሆን በሰማይ ይመስላል። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ነበር፤ ይህ የፈረንሳይ ዓይነት በብዛት ይጭን የነበረው ባለ 12 ሲሊንደሩን የሎሬን ሞተር ነው። በዚያው ጊዜ ራያና አዘቦ አምጾ ነበር። እንዲያስገብሩ የታዘዙት ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተቃቅረው፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲዋጉ አውሮፕላን ከላያቸው ወረቀትም ቦምብም ጣለ፤ እርሳቸውም በዚያ ወደቁ። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ በዚያው መጋቢት 22፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። በአሸንጌ በኩል ያፈገፈገውን ሠራዊት ከሰማይ የጣሊያን አውሮፕላን፣ ከምድር ደግሞ ያኮረፈው የራያና የአዘቦ ታጣቂ አሳደደው። ለዚህ አገር ሰው ሞተር መጀመሪያ የመጣው ተሳፍረውበት ሳይሆን ሸሽተውት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የሚቀጥለው ማስረጃ ከሜዳው ወደ ደቡብ ነው። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 በላይ መኪኖች አሰልፎ ነበር። እስከዚያ ድረስ አፍሪካ እንዲህ ያለ የሞተር ሰልፍ አይታ አታውቅም። ሆኖም 400 ኪሎ ሜትር ለማለፍ እስከ ሚያዝያ 27 ፈጀበት፤ ጣርማ በር ላይ አርበኞች ገደሉን ስላፈረሱት፣ ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት ቆሞ ወታደር በአካፋና በዶማ መንገድ ሲጠርግ ጠበቀ። ጣሊያኖች ትምህርቱን ወዲያው ተረዱት። ከአስመራ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በአላማጣና በቆቦ አድርጎ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ በጥድፊያ ሠሩ፤ ጣርማ በርንም ቀደዱት። የሠሩት ለመግዛት ነበር፤ ግን መንገድ ጌታ አይመርጥም። በ1933 ዓ.ም. ደሴን የያዘው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዚያው መንገድ የራያን ሜዳ አቋርጦ ወደ አምባላጌ ወጣና ግንቦት 11 ቀን የጣሊያን ጦር አዛዡ የአውስታው መስፍን እጁን ሲሰጥ ከከበቡት አንዱ ሆነ።

ከነጻነት በኋላ መንገዱን የወረሰው የጭነት መኪና ነው። በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መንገዱን መጠገንና መጠበቅ ያዘ። ፊያት 682፣ በተለይም ሹፌሮች ኤንትሬ የሚሉት፣ ከነተጎታቹ የዚህ መስመር ንጉሥ ሆነ። ከ10 ሊትር በላይ የሆነው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ 200 የፈረስ ጉልበት አይሞላም፤ ማለትም ከመርሴዲሱ ግማሽ አይደርስም። ጨው፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ከጭነቱ በላይ ሰው ይዞ ግራ ካሕሱን የወጣው ግን እርሱ ነው። በወልዲያና በአላማጣ መካከል ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ማደሪያው የቆመው ለእርሱ ሹፌርና ረዳት ነው። የቅንጦት አውቶሞቢል በዚህ መስመር ላይ አልፎ ሄዶ ይሆናል፤ ያተረፈው ከተማ ግን የለም።

መሳፍንቱና መኳንንቱ መኪና ባይወዱ ኖሮ መንገድ ማን ያሠራ ነበር? ፍላጎቱን የቀሰቀሰው አውቶሞቢሉ ነው የሚሉ አሉ። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ይህ እውነትነት አለው። ለሰሜኑ መንገድ ግን ማስረጃው ወደ ሌላ ያመለክታል፤ አንዱን ምዕራፍ ጦርነት፣ ሌላውን ንግድና አስተዳደር ጻፈው። ይልቅ የሚከብደው ከተቃራኒው ወገን የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የጭነት መኪናውን እያወደስክ አውቶሞቢሉን ማንኳሰስህ የጭነት መኪናው በእርግጥ ለቆቦ ሰው ስለ ሠራ ነው ወይ የሚል። ይህን ጥያቄ የ1965 እና የ1966ቱ የወሎ ረሃብ እንድንሸሸው አይፈቅድም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ እንዳሳየው፣ በወሎ ሰው ሲያልቅ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ምርቱ የከሸፈበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚገዛበት ስላልነበረው፣ መንገዱ እህሉን ያደረሰው ገንዘብ ወዳለበት ነው። የተራበው ሕዝብ ከየቀበሌው ወርዶ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ተሰለፈ፤ የሚያልፉትን አውቶቡሶችና መኪኖች እያስቆመ ምግብ ለመነ። ስለዚህ የጭነት መኪናውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ኤንትሬው አቅም ነበረው፤ አቅጣጫውን የወሰነው ግን የገዢው ኪስ ነበር። ይህ የመነሻ ሐሳቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

የቅንጦቱና የመንገዱ ታሪክ የተጋጠሙት ያን ጊዜ ነው። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የረሃቡ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ባለ 4 ሲሊንደር ቮልስዋገን ውስጥ ገቡ። ደርግ ይህን ያደረገው አውቆ ለማዋረድ ነው፤ እንደ ትዕይንት ተሳክቶለታል። እንደ ታሪክ ግን አሳሳች ነው፤ መኪናው ስላነሰ በአውራ ጎዳናው ዳር የነበረው ሕዝብ አልጠገበምና። ከ10 ዓመት በኋላ ያው ሜዳና ያው ቆረም በሌላ ረሃብ ዓለም አወቃቸው።

ለአውቶሞቢሉ አንድ ነገር መመለስ አለብኝ። ውድ መኪና የሚሞከርበትን ነገር ድሃው በኋላ ይጠቀምበታል የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የኤሌክትሮኒክ ፍሬን እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሴዲስ ትልቅ አውቶሞቢል ላይ ተገጥሞ ወጣ፤ ዛሬ በጭነት መኪናም በአውቶቡስም ላይ አለ። ለግራ ካሕሱ የጠቀመ ስጦታ ይህ ነው። ግን ልብ እንበል፤ የወረደልን ፍሬኑ ነው። 12ቱ ሲሊንደሮች እዚያው ቀርተዋል።

አሁን ደግሞ ሕጉ ራሱ ምዕራፉን እየዘጋው ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በትልልቅ ሞተሮች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ ባረጁት ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሲሊንደር የሌለው የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አያደክመውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ በሙቀት ያባክነው ከነበረው ኃይል ጥቂት የማይባለውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለግራ ካሕሱ ከዚህ የተስማማ ሞተር እስካሁን አልመጣም። ይሁን እንጂ ክልከላው የታወጀው ለአውቶሞቢል ነው፤ የቆቦን ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ መቀሌና ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሰው ግን አይሱዙው ነው። የኃይል መሙያ ጣቢያ የሚያቅዱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሆቴሎች ግቢ ወጥተው ከወልዲያ እስከ አላማጣ ባለው መስመር ላይ፣ ለጭነት መኪና በሚበቃ አቅም፣ አንዱን ቆቦ ላይ ይትከሉ።