አረንጓዴው ኋላ ቀረ

እስቲ ጆሮ ስጡኝማ። ነገሩ የሩጫ ነው፤ ሯጮቹ ግን ፈረስም ሰውም አይደሉም። ሁለቱም ብርሃን ናቸው። አንዱ በአየር፣ ሌላው በውሃ ውስጥ ይሮጣል። ቦታው ፓሪስ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1850። የሩጫው ውጤት ምን ይሆን እያሉ ሊቃውንቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ተከራክረዋል።

ክርክሩን ያስነሳው ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ዱላ ግማሹ ውሃ ውስጥ ሲገባ የተሰበረ ይመስላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር፣ ከአየርም ወደ ውሃ ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነው፤ ይህን የካደ የለም። ለምን ይታጠፋል ሲባል ግን ጎራ ተለየ። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን፣ ብርሃን የጥቃቅን ቅንጣቶች ጅረት ነው፤ ውሃው ቅንጣቶቹን ወደ ራሱ ስለሚስባቸው ይጣመማሉ፤ ስለተሳቡም ይፈጥናሉ አለ። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ደግሞ የለም፣ ብርሃን ሞገድ ነው፤ የሚታጠፈውም ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚዘገይ ነው አለ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የዱላውን ነገር እኩል ያስረዳሉ። ዱላውን ዕድሜ ልክ ሲያዩት ቢኖሩ አሸናፊው አይለይም። የሚለየው ፍጥነቱ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ በውሃ ውስጥ ፈጠነ ወይስ ዘገየ?

ታዲያ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚምዘገዘገውን ማን ይዞ ይመርምረው?

እዚህ ላይ ፍራንሷ አራጎ ይመጣሉ። የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ (ኦብዘርቫቶሪ) አለቃ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ በ1848 አብዮትም ለጥቂት ሳምንታት የፈረንሳይን መንግሥት የመሩ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው በ1838 ለሳይንስ አካዳሚው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። መስታወት በኃይል ይሽከርከር። ሁለት ጨረር ይምጣበት፤ አንዱ በአየር፣ አንዱ ውሃ በተሞላ ቱቦ አልፎ። የዘገየው ጨረር ሲደርስ መስታወቱ ጥቂት ዞሮ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ከቀደመው ጎን ዘንበል ብሎ ያርፋል። ሰዓት አያስፈልግም፤ ማን ወዴት እንዳዘነበለ ማየት ይበቃል።

ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ሥራው ግን እምቢ አለ። የሚሽከረከር መስታወት የተቀበለውን ብርሃን የት እንደሚወረውረው አይታወቅም፤ ብልጭታውን ለማየት ዓይን በዕድል ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘት ነበረበት። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። የአራጎም ዓይን እየደከመ ሄደ። በመጨረሻ በ1850 ጸደይ፣ እኔ አልቻልኩም፣ የሚችል ይሥራው ብለው መንገዱን ለቀቁ። በእኔ እይታ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ከባዱ ሥራ ይህ ነው።

ሁለት ወጣቶች ተነሱ፤ ሌዮን ፉኮ እና ሂፖሊት ፊዞ። በ1819 መስከረም ወር፣ በአምስት ቀን ልዩነት የተወለዱ ናቸው። ሁለቱም ሕክምና ጀምረው ትተዋል፤ ፉኮ ደም ማየት አልሆንለት ብሎ፣ ፊዞ ጤናው እምቢ ብሎት። በ1845 አብረው የፀሐይን ፎቶግራፍ ዳጌሮታይፕ በሚባለው የዘመኑ ዘዴ አንስተዋል። ከዚያ ግን ተለያዩና ሁለቱም በየፊናቸው የአራጎን ሐሳብ ያዙ።

አሁን የፉኮን መሣሪያ ቀረብ ብለን እንየው። ቀጫጭን ሽቦ በተዘረጋበት ቀዳዳ የፀሐይ ብርሃን ይገባል። በእንፋሎት ኃይል የምትዞር ትንሽ መስታወት ትቀበለዋለች፤ በሰከንድ እስከ 800 ጊዜ ትሽከረከራለች። ከእርሷ አራት ሜትር ያህል ርቀው ሁለት ስርጉድ መስታወቶች ቆመዋል፤ ወደ አንደኛው በሚወስደው መንገድ ላይ ውሃ የሞላ ሦስት ሜትር ቱቦ ተጋድሟል። ብልሃቱ ያለው በእነዚህ ስርጉድ መስታወቶች ላይ ነው። ብርሃኑ በየትኛውም ቦታ ቢመታቸው ወደመጣበት፣ ወደ ተሽከርካሪዋ መስታወት ይመልሱታል። አራጎን ያስጨነቀው የዕድል ነገር በዚህ አለቀ። ፉኮ ዓይኑን አጉሊ መነጽሩ ላይ ተክሎ የሽቦዎቹን ሁለት ምስል አንድ ላይ ያያል፤ በአየር የመጣው ነጭ፣ በውሃ የመጣው አረንጓዴ ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን እየዋጠ ስለሚያስቀር ነው፤ ዋናተኛም ወደ ጥልቁ ሲወርድ መጀመሪያ ከዓይኑ የሚጠፋበት ቀለም ቀይ ነው። እናም ሯጮቹ መለያ ለብሰው የመጡ ያህል ሆነ።

መስታወቷ ስትፈጥን ሁለቱም ምስሎች ከቦታቸው ዘነበሉ። አረንጓዴው ግን ከነጩ በለጠ። አለቀ! ውሃው ብርሃኑን አዘግይቶታል፤ ሃይገንስ ረቷል። ዛሬ እንደምናውቀው ብርሃን በውሃ ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ግንቦት 6 ቀን 1850 ፉኮ ውጤቱን ለአካዳሚው አቀረበ። ፊዞና የሥራ ጓደኛው ሉዊ ብሬጌ መሣሪያቸውን አሰናድተው ነበር፤ የጎደላቸው ፀሐይ ብቻ! የፓሪስ ሰማይ ደመና ለብሶባቸው እነርሱም ያንኑ መልስ ያገኙት ከሳምንታት በኋላ፣ በሰኔ ወር ነው።

ፉኮ በዓመቱ የምድርን መዞር ባሳየው ፔንዱለሙ ስሙ ገነነ። ፊዞ ግን ውሃውን አልለቀቀም። በ1851 ያው ውሃ ይፍሰስና ብርሃኑ ምን እንደሚሆን ልይ አለ። ውሃው በቱቦ ውስጥ በሰከንድ ሰባት ሜትር ያህል እየሮጠ፣ ብርሃኑ በወራጁ አቅጣጫ ተላከ። ጥቂት ፈጠነ፤ ከሰባቱ ሜትር ያገኘው ግን ከግማሽ ያነሰ ነው። ቀሪው የት ገባ? ሊቁ ሁሉ ኤተር በሚባል የማይታይ ነገር ሊያስረዳው ሲታገል ቆየ። በ1905 አልበርት አንስታይን አንጻራዊነትን አመጣ፤ በ1907 ማክስ ፎን ላውዌ በዚያው የአንስታይን የፍጥነት አደማመር ደንብ የፊዞን ቁጥር ያለ ኤተር አሰላው፤ ልክ መጣ።