የፎገራ መምህራንና የሕዝቡ ድጋፍ

በፎገራ ሜዳ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ደመወዙን የሚቀበለው ከወረዳው በጀት ነው። የሚያስተምርበት ክፍል፣ ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት ዴስክ፣ አንዳንዴም የፈተና ወረቀቱና ጠመኔው ግን የሚገኙት ከአካባቢው ሕዝብ ኪስና ጉልበት ነው። ይህን የሥራ ክፍፍል ያመጣው አንድ አዋጅ ብቻ አይደለም። የኔታን በቀለብ ካኖረው የደብር ሥርዓት ተነሥቶ፣ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብርና በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት መዋጮ በኩል አልፎ፣ ዛሬ የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) እና የየቀበሌው ኮሚቴዎች ከሚሠሩት ሥራ የደረሰ ረጅም ታሪክ አለው።

የፎገራዋ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋውን ሜዳ ርብና ጉማራ ወንዞች በበጋ ያጠጡታል፣ በክረምት ያጥለቀልቁታል። ናቤጋ፣ ዋገጠራና ቅድስት ሐናን የመሳሰሉ ቀበሌዎች ለም ናቸው፤ ጎርፍም አይለቃቸውም። ወደ ምሥራቅ ወደ ደጋው በተጠጉት ቀበሌዎች ደግሞ ጎርፉ ባይኖርም መሬቱ የሳሳ ነው። ለትምህርት ቤት የሚዋጣው ገንዘብ፣ እህልና ጉልበት ከቀበሌ ቀበሌ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት መምህሩን የሚያኖሩት ደብሩና ምእመኑ ነበሩ። የዛሬው ደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስመ ጥር ነው፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ፎገራን በያዘው በያኔው ቤጌምድር የአብያተ ክርስቲያናት የሪም መሬት ለአገልጋዮች ይከፋፈል ስለነበር፣ የመምህሩ መተዳደሪያ ከዚያ ይወጣ ነበር። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የራሱን ቀለብ ከየደጁ ይለምናል፤ ለየኔታ ደግሞ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ በክረምትም ያርሳል። ሥርዓቱ ብዙ ልጆችን በረኀብና በበሽታ የጎዳ ቢሆንም፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ያጡት አንድ ነገር ነበረው፦ ድጋፉ የሚደርሰው በቀጥታ ለመምህሩ ነበር። ትምህርት ቤት ማለት የኔታ ያሉበት ቦታ ነው፤ የኔታ ደብር ከቀየሩ ተማሪውም ጎጆውን ትቶ ይከተላቸዋል። ቤት ተሠርቶ መምህር የሚጠበቅበት ጊዜ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲስፋፉ ወጪውን ከማዕከል ብቻ መሸፈን አልተቻለም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከመሬት የሚከፈል የትምህርት ግብር ጣለ፤ ገንዘቡም እዚያው በተሰበሰበበት አካባቢ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ አወጣጡንም የአካባቢው የትምህርት ቦርድ እንዲቆጣጠር ደነገገ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ገበሬው የከፈለው ግብር ለልጁ መማሪያ ሆኖ ተመልሶ ይመጣለት ዘንድ የታሰበ ነው። ሆኖም ቤጌምድር መሬቱ በጋሻ ያልተለካ የርስት አገር በመሆኑ ግብሩ ዝቅተኛ በሆነው በልማዱ ግምት ይከፈል ነበር። ከግብሩ ትንሽ የሚገኝበት አገር ደግሞ ትምህርት ቤቱም ጥቂት ሆነ። በቦርዶቹ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ሹማምንትና ባላባቶች ስለነበሩ ገጠሩ ለትምህርት ከፍሎ ተጠቃሚው ብዙውን ጊዜ የከተማው ልጅ ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። አንደኛው በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ሲሆን፣ ስዊድን ከወጪው ከፊሉን ስትሸፍን ሕዝቡ ድርሻውን በገንዘብ፣ በድንጋይና በጉልበት ያዋጣ ነበር። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያስገደደው መርሐ ግብር ነው፤ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። አንዱ ቤት፣ ሌላው ሰው አመጣ። ቋሚው መምህር ግን ደመወዙ አነስተኛ፣ ዕድገቱም የተገታ ሆኖ ቆየ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙት በዚሁ በደመወዝና «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ዕቅድ የተነሣ ሲሆን፣ አድማው ዙፋኑን ካናወጡት የዚያ ዓመት ክስተቶች አንዱ ሆነ።

ደርግ የመጣው ለመምህሩ ሌላ ሥራ ይዞ ነው። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መምህሩ ቀን ልጆችን፣ ሌላ ጊዜ ጎልማሶችን እንዲያስተምር ተደረገ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። ጣቢያዎቹን የሠሩት፣ መብራቱንና ሰሌዳውን ያቀረቡት የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። በዚያው ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስተዋወቁ፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ማኅበራቱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲፈርሱ ሩዙ በየገበሬው ማሳ ላይ ቀረ።

ሩዝ ለፎገራ ትምህርት ቤቶች ሁለት ፊት አለው። ውኃ ተኝቶበት ለሌላ እህል የማይመች የነበረው መሬት ገንዘብ ማምጣት ጀመረ፤ በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎችና ነጋዴዎች በዙ፤ ትምህርት ቤት የሚያዋጣ ሕዝብም አቅም አገኘ። መሬት ያላቸው ትምህርት ቤቶች በኪራይ ወይም በእኩል እያሳረሱ «የውስጥ ገቢ» የሚባለውን ያገኛሉ። በሌላ በኩል ሩዝ ጉልበት ይበላል። አረሙ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይውላል፤ በመካከሉ ወፍ መጠበቅ አለ። በሦስቱም ሥራ ልጆች ይሰማራሉ። መምህሩ መስከረም ላይ ግማሽ ክፍል፣ ጥቅምት ላይ ሞላ ያለ ክፍል፣ ኅዳር ላይ እንደገና ግማሽ ክፍል ያስተምራል። ያመለጠውን ትምህርት የሚደግመው ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ወላጆች መምህሩን ሊደግፉ ከሚችሉባቸው መንገዶች ሁሉ ልጅን በአጨዳ ወቅት ክፍል ውስጥ ማዋልን የሚያህል የለም።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል በዚሁ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ማኅበረሰቡን በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኙ ሰው ሲሆኑ፣ በኋላ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጥቷቸዋል። አባላቱ በደርግ ዘመን መጨረሻ ከመሬታቸው ተፈናቅለው በቦንጋ አካባቢ ኖረዋል። ሲመለሱ የጠበቃቸው መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ስለነበር ኑሯቸውን በሽመናና በንግድ ላይ መሠረቱ። ሀብት በሌለው መንደር ከቀዳሚዎቹ ሥራዎች መካከል የሕፃናት መማሪያና ቤተ መጻሕፍት መኖራቸው ለብዙ ጎብኚ አስገራሚ ሆኗል። ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። በአውራ አምባ ሥራ በኮሚቴ ይደለደላል፤ ገቢ ለአባላት እኩል ይከፋፈላል፤ ከኮሚቴዎቹም አንዱ የትምህርት ነው። ሕፃናትን የሚያስተምረው አባል በሽመና ላይ ከዋለው አባል እኩል ይካፈላል። ልጆቹ ፊደልና ቁጥር ይዘው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚገቡ የአንደኛ ክፍል መምህር ሸክም ይቀልላል። በመላ ኢትዮጵያ ለማስተማር ሥራ ከሌላው ሥራ እኩል ዋጋ የሰጠ እንዲህ ያለ መንደር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ዛሬ ያለው ሥርዓት የተዘረጋው በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲና በ1994 ዓ.ም. ሥልጣን ወደ ወረዳ በወረደበት ጊዜ ነው። ወረዳው ከክልሉ በሚሰጠው ጥቅል በጀት መምህራንን ይቀጥራል፣ ደመወዝ ይከፍላል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል፦ የወረዳ ትምህርት በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ክፍተቱን እንዲሞሉ ሁለት አካላት ተቋቋሙ። ቀትስቦ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አንደኛው ነው። ወመህ የተባለው የወላጅና መምህር ኅብረት፣ በኋላ ተማሪም ተጨምሮበት ወመተህ የሆነው፣ ሁለተኛው ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ የሚላክ ድጎማ ተጨመረ። የጉድኝት ማዕከል የሆነው ትምህርት ቤት ማባዣውንና ማጣቀሻ መጻሕፍቱን ለዙሪያው ሳተላይት ትምህርት ቤቶች ያካፍላል፤ መምህራን ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚሰበሰቡትም በዚያ ነው።

ከሁሉም ሰፊው ድጋፍ ሰጪ አልማ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ የልማት ማኅበር ገንዘቡን የሚያገኘው ከአባላት መዋጮ ነው፦ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ አርሶ አደሩና ነጋዴው በየዓመቱ፣ በውጭ ያለው ተወላጅም በየአቅሙ። በቅርብ ዓመታት ዋና ሥራው ያረጁና የዳስ መማሪያ ክፍሎችን ደረጃቸውን በጠበቁ ክፍሎች መተካት ሆኗል። አዲስ ክፍል ለመምህሩ ምን እንደሚያደርግለት ለማየት መለኪያውን ማስታወስ ይበቃል፤ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ። ከዚያ በላይ የታጨቀ ክፍል ለሁለት ሲከፈል መምህሩ የሚያርመው ደብተር ይቀንሳል፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያውቃል፣ ፈረቃም ሊቀር ይችላል። በዳስ ውስጥ ግን ሥዕልና ሠንጠረዥ ሰቅሎ ማደር አይቻልም፤ መምህሩ መርጃ መሣሪያውን ጠዋት ተሸክሞ መጥቶ ማታ ተሸክሞ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ ከደመወዛቸው ለአልማ ከሚያዋጡት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል መምህራን ብዙውን ቁጥር መያዛቸው ነው። የሚያስተምሩበትን ክፍል በከፊል የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ድጋፍ ግን በግድግዳና በጣሪያ ላይ ያተኮረ ነው። ምክንያቱም ይገባል፤ ሕንፃ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ለአዋጪው ሕዝብ ማስረጃ ይሆናል። በሌላ አገር የተሞከረ የተለየ መንገድ አለ። በካሊፎርኒያ የንብረት ግብር በ1978 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ ተገድቦ የትምህርት ቤቶች ገቢ ሲያሽቆለቁል፣ በሳን ፍራንሲስኮ በዓመቱ የትምህርት ፈንድ ተቋቋመ። የዚህ ዓይነት የአካባቢ ፈንዶች መለያ፣ መምህሩ ለክፍሉ የሚያስፈልገውን ራሱ ጽፎ አመልክቶ አነስተኛ ገንዘብ ማግኘቱ ነው፤ አንዱ ለሳይንስ ሙከራ፣ ሌላው ለንባብ መጻሕፍት። በፎገራ ለዚህ የሚቀርበው የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ነው። የቋንቋ መምህሯ 10 የተረት መጻሕፍት፣ የሳይንስ መምህሩ ማጉያ መነጽር ቢፈልጉ ጥያቄያቸው ለርእሰ መምህሩና ለወመተህ ኮሚቴው ቀርቦ ሊወሰን ይችላል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል መጽሐፍ በጠፋበት ወቅት የዚህ አነስተኛ ገንዘብ ዋጋ ጎልቶ ታይቷል፤ አንድ መጽሐፍ አባዝቶ ለክፍል ማዳረስ ወረቀትና ቀለም ይጠይቃልና። በዚያው ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር ያስጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ሕዝቡን ለትምህርት ቤቶች ደረጃ ማሻሻያ አስተባብሯል።

ጎርፍና ጦርነት የተሠራውን ደጋግመው አፍርሰዋል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በጣና ዙሪያ የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መምህራንን አፈናቅሏል፣ ለሞትም ዳርጓል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተዘጋው ክፍል ግድግዳ ሳይነካ ሊቆም ይችላል፤ የሄደ መምህር ግን በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ የመምህሩ የራሱ ኑሮ ከድጋፉ ዝርዝር ሊወጣ አይገባም። በክልሉ ከተሞች መምህራን በማኅበር ተደራጅተው የመኖሪያ ቤት መሥሪያ ቦታ ያገኙበት አሠራር ለከተማው መምህር ጠቅሟል። በገጠር ቀበሌ ተመድቦ ከከተማ የሚመላለሰው መምህር ግን በክረምት መግቢያና መውጫ ጭቃው መንገድ ሲዘጋበት ይዘገያል፤ ለእርሱ የሚበጀው ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚሠራው ማደሪያ ነው። ለዚህም ሆነ ለመማሪያ ቁሳቁስ የሚዋጣው ገንዘብ የሚገኝበት ጊዜ የታወቀ ነው። በፎገራ ሜዳ የገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ የሚገባው ሩዝ ከተሸጠ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ነው፤ የትምህርት ዘመኑ የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። በመካከሉ ያሉትን ስምንት ወራት ለመሻገር ኮሚቴው ከታኅሣሡ መዋጮ የመስከረሙን ጠመኔ፣ ወረቀትና የማደሪያ ጥገና ወጪ ቀንሶ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ሊያስቀምጥ ይችላል።