ችግሩ ከሁለቱ ጫፎች፦ የምዕራብ አፍሪካ የጋዝ ቧንቧ ከውል እስከ ተገላቢጦሽ ፍሰት

ድንበር ተሻጋሪ የጋዝ ቧንቧን የሚመረምሩ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመሸጋገሪያ አገሮች ላይ ነው። በሻጭና በገዢ መካከል የተቀመጠ መንግሥት ቧንቧውን ዘግቶ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፣ ከሚያልፈው ጋዝ ያጎድላል፣ አልያም በራሱ ኩርፊያ ሁለቱንም ያስጨንቃል የሚለው ስጋት በውይይቱ ጎልቶ ኖሯል። ሩሲያና ዩክሬን በ2006 እና በ2009 የገቡበት ውዝግብ ለዚህ አመለካከት ጉልበት ሰጥቶታል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ከዚያ ይለያል። አራት አገሮችን የሚያገናኘው የምዕራብ አፍሪካ የጋዝ ቧንቧ ታሪክ በጥሞና ሲታይ፣ መካከል ላይ ያሉት ቤኒንና ቶጎ ይህ ነው የሚባል እንቅፋት ሲፈጥሩ አይታይም። ቧንቧውን በተደጋጋሚ ያጎደለው በአንደኛው ጫፍ የተዋዋለውን ጋዝ ማቅረብ ያቃተው ሻጭ፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሂሳቡን በወቅቱ መክፈል ያቃተው ገዢ ነው።

ሃያ ዓመት የፈጀ ስምምነት

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1982 ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ኢኮዋስ፣ የናይጄሪያን ጋዝ ለጎረቤቶቿ የሚያደርስ ቧንቧ እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረበ። በናይጄር ዴልታ ከነዳጅ ዘይት ጋር አብሮ የሚወጣው ጋዝ ገበያ አጥቶ ሌት ተቀን ይቃጠል ነበር። ጋና በበኩሏ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በዋናነት በአኮሶምቦ ግድብ ላይ ጥላ ስለኖረች ዝናብ ባነሰ ቁጥር ትቸገር ነበር፤ በ1998 የደረሰባት ከባድ የኃይል እጥረት ሌላ ምንጭ መፈለግ ግድ እንደሆነ አሳያት። በ1995 አራቱ መንግሥታት የመጀመሪያውን ስምምነት ፈረሙ። በጥር 2003 የጋራ ሕግና የጋራ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የሚያቋቁመው ዓለም አቀፍ ውል ዳካር ላይ ተፈረመ። ግንባታው እንዲጀመር የመጨረሻው ውሳኔ የተላለፈው ደግሞ በ2004 መጨረሻ ነው።

ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱ ብዙ ጊዜ እንደ ድክመት ይቆጠራል። እኔ ግን ከፕሮጀክቱ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የተሳካው ይኸው የሕግ ሥራ ነው እላለሁ። ናይጄሪያና ጋና የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት የወረሱ ናቸው፤ ቤኒንና ቶጎ የፈረንሳይን። በአራት አገሮች አራት ዓይነት ግብር፣ አራት ዓይነት የጉምሩክ አሠራርና አራት ዓይነት የደኅንነት ደንብ የሚጠብቀው ቧንቧ በአንድ ወጥ ደንብ እንዲተዳደር ማድረግ ቀላል አልነበረም። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን መቀመጫውን አቡጃ አደረገ። የመሸጋገሪያ አገሮቹ ከክፍያ ተቀባይነት አልፈው ባለድርሻም ሆኑ። ከቧንቧው ኩባንያ ባለቤትነት ሸቭሮን 36.9 በመቶ፣ የናይጄሪያ ብሔራዊ የነዳጅ ኮርፖሬሽን 24.9 በመቶ፣ ሼል 17.9 በመቶ፣ የጋናው የቮልታ ወንዝ ባለሥልጣን 16.3 በመቶ ሲይዙ፣ የቤኒንና የቶጎ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ደርሷቸዋል። ሁለት በመቶ ትንሽ ናት፤ ቢሆንም ቧንቧው ሲቆም አብሮ የሚከስር ጎረቤት ቧንቧውን ለመዝጋት አይቸኩልም። በራሱ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ከዚያው ቧንቧ ጋዝ የሚጠብቅ ከሆነማ ጭራሹን አይቸኩልም። ሎሜ በ2010፣ ኮቶኑ አጠገብ ያለው ማሪያ ግሌታ ደግሞ በ2019 በጋዝ መሥራት የሚችሉ ጣቢያዎች አስመርቀዋል።

ቧንቧው በጠቅላላው 678 ኪሎ ሜትር ነው። መነሻው በናይጄሪያ ኦጉን ግዛት የምትገኘው ኢቶኪ ናት። እዚያ ከዴልታው ከሚመጣው የኢስክራቮስ–ሌጎስ ቧንቧ ጋር ይገናኝና 56 ኪሎ ሜትር በየብስ ተጉዞ ባዳግሪ አካባቢ ባሕር ይገባል። ከዚያ 20 ኢንች ስፋት ያለው ዋናው ቧንቧ ከባሕር በታች፣ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ 569 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ወደ ኮቶኑ፣ ወደ ሎሜና ወደ ቴማ ቅርንጫፍ እየሰጠ ጋና ውስጥ ታኮራዲ ላይ ያበቃል። በ600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያልቃል የተባለው ግንባታ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተጠናቀቀ።

መነሻው ላይ የጎደለው ጋዝ

የንግዱ አወቃቀር ወረቀት ላይ የተስተካከለ ነበር። ቧንቧውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ጋዝ አይሸጥም፤ የማጓጓዣ ዋጋ ብቻ ያስከፍላል። ጋዙን ከአምራቾች ተረክቦ ለገዢዎች የሚሸጠው ኤን ጋዝ የተባለ ሌላ ኩባንያ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ የናይጄሪያው ኮርፖሬሽን፣ ሸቭሮንና ሼል ናቸው። ዋነኛው ገዢ የቮልታ ወንዝ ባለሥልጣን በቀን 120 ሚሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ለመውሰድ ተዋዋለ። የዓለም ባንክ የጋና መንግሥት የገባውን የክፍያ ግዴታ የሚሸፍን የ50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጠ። የዋስትናውን አቅጣጫ ልብ ይሏል፤ የተፈራው ገዢው እንዳይከፍል ነበር። ሻጩ ጋዝ ቢያጥረውስ የሚለው ጥያቄ ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። ናይጄሪያ በአፍሪካ ትልቁን የጋዝ ክምችት የያዘች አገር ናትና ጋዝ ይጎድላታል ብሎ ማን ያስባል?

ነገር ግን ከርሰ ምድር ውስጥ ያለ ክምችትና ኢቶኪ የሚደርስ ጋዝ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ጋዝ ታኮራዲ የደረሰው በ2008 መጨረሻ፣ ከታቀደው ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ በተሟላ ግፊት የሚካሄደው የንግድ አቅርቦት እስኪጀመር ደግሞ 2011 ደረሰ። ከዚያ በኋላም ውሉ ላይ የተጻፈው መጠን ሙሉ ሆኖ የገባባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ ከአዲሱ ቧንቧ በስተጀርባ ያለው አሮጌው ቧንቧ ነው። የኢስክራቮስ–ሌጎስ መስመር የሚያልፈው ታጣቂዎች የነዳጅ ተቋማትን በሚያጠቁበት በዴልታው ምድር ሲሆን፣ በተደጋጋሚ ጉዳት ደርሶበታል። በዚያ ላይ ይኸው ቧንቧ ሌጎስ የሚገኘውንና 1,320 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የኤግቢን ጣቢያም ይመግባል። ጋዝ ሲያጥር ሌጎስን አጨልሞ አክራን የሚያበራ የናይጄሪያ ባለሥልጣን ማግኘት ዘበት ነው። ይህን ክፋት ብሎ መፈረጅ አይቻልም፤ በየትኛውም አገር ያለ መንግሥት የሚያደርገው ነው። ውሉ ሲረቀቅ ግን ይህ ከወዲሁ መታሰብ ነበረበት።

የጉድለቱን ክብደት ለመረዳት የጋዝን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። በቧንቧ ውስጥ ያለ ጋዝ እንደ ውኃ ቁልቁለት ፈልጎ አይፈስም፤ የሚነዳው ግፊት ነው። ባዳግሪ አካባቢ ያለው የኮምፕረሰር ጣቢያ ጋዙን አምቆ ወደ ባሕሩ ይገፋዋል። ቧንቧው ራሱ በውስጡ በታመቀው ጋዝ ምክንያት እንደ ማጠራቀሚያም ያገለግላል፤ መነሻው ላይ አቅርቦት ቢቋረጥ መድረሻው ወዲያው ባዶ አይሆንም። ይሁን እንጂ ተርባይን የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት አለ። ግፊቱ ከዚያ በታች ከወረደ ቧንቧው ውስጥ ጋዝ እያለም ጣቢያው ይቆማል። በታኮራዲ አጠገብ ያለው የአቦአድዜ ጣቢያ እንዲህ ሲሆን ወደ ቀላል ድፍድፍ ዘይት ይዞራል፤ ዋጋው ግን ከጋዙ እጅግ የላቀ ነው። በጋዝ ብቻ ይሠራ የነበረው ቴማ ያለው የአሶግሊ ጣቢያ ያ ምርጫም አልነበረውም።

በነሐሴ 2012 መጨረሻ የደረሰው አደጋ ይህን ሁሉ አጋልጦ አሳየ። የባሕር ወንበዴዎች ሎሜ አጠገብ አንድ የነዳጅ መርከብ ላይ ለመውጣት ሞከሩ። በግርግሩ የመርከቡ መልህቅ የባሕሩን ወለል እያረሰ ሄዶ ቧንቧውን ያዘው፤ ሰበረውም። ጋዙ ወጣ፣ የባሕር ውኃ ገባ። ስብራቱን ፈልጎ ማግኘት፣ የተጎዳውን ክፍል መቀየር፣ በቧንቧው ልክ የተሠራ መጥረጊያ እየሰደዱ ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት፣ ውስጡን ማድረቅ፣ ከዚያም እንደገና ጋዝ ሞልቶ ግፊቱን ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። አቅርቦቱ የተመለሰው በሐምሌ 2013 ነው። ጋናውያን ዱምሶር እያሉ የሚያማርሩት የመብራት መጥፋትና መምጣት የባሰበት በዚሁ ወቅት ነበር።

መድረሻው ላይ ያልተከፈለው ሂሳብ

ሌላኛውን ጫፍ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ለአፍሪካ የኃይል ዘርፍ ታዛቢ አዲስ አይደለምና። የቮልታ ወንዝ ባለሥልጣን ኤሌክትሪኩን ለአከፋፋዩ ኩባንያ ይሸጣል፤ አከፋፋዩ በኃይል ብክነትና ባልተሰበሰበ ሂሳብ ይደማል፤ ታሪፉ ወጪን አይሸፍንም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በጊዜ አይከፍሉም። ዕዳው ወደ ላይ እየተንከባለለ ጋዝ ሻጩ ዘንድ ይደርሳል። በ2015 እና በ2016 ኤን ጋዝ በተከማቸ ዕዳ ምክንያት አቅርቦቱን ቀነሰ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የሚያነሱት በቂ አቤቱታ ነበራቸው፦ አንዱ ያልተከፈለኝን ጋዝ አልልክም ይላል፤ ሌላው ውል የገባህበትን መጠን መቼ ላክህልኝና ይላል። ቤኒንና ቶጎ በዚህ ክርክር ውስጥ ተመልካች ነበሩ።

ከዚያ ማንም ያላቀደው ነገር ተከተለ። ጋና በምዕራባዊ ባሕሯ የጁቢሊን የነዳጅ መስክ በ2007 አግኝታ ነበር፤ ከመስኩ የሚወጣው ጋዝ የሚጣራበት የአቱአቦ ተቋም በ2014 እና በ2015 መካከል ሥራ ጀመረ፤ በ2018 ደግሞ የሳንኮፋ መስክ ጋዝ ተጨመረ። አሁን ጋዝ በምዕራብ ተትረፈረፈ፤ ትልልቆቹ ተጠቃሚዎች ግን በምሥራቅ፣ በቴማ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኝ የተዘረጋ ቧንቧ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። በ2019 ታኮራዲ ላይ በተሠራ ማገናኛ የጋና ጋዝ ወደ ምዕራብ አፍሪካው ቧንቧ ገብቶ በተገላቢጦሽ ወደ ቴማ መፍሰስ ጀመረ። የናይጄሪያን ጋዝ ወደ ምዕራብ ሊያደርስ የተዘረጋው ቧንቧ መጨረሻው ክፍል የጋናን ጋዝ ወደ ምሥራቅ ያመላልስ ያዘ።

በዚህ ሁሉ የድርድር ጠረጴዛ ያልቀረቡ ሰዎች ነበሩ። ቧንቧው በየብስ በሚያልፍባቸው የናይጄሪያ መንደሮች መሬታቸውን ያጡ ገበሬዎች በ2006 ለዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አቤት አሉ። ፓነሉ በ2008 ባወጣው ሪፖርት የቋሚ ተክሎች ካሳ የተሰላው በተሳሳተ መንገድ እንደነበርና ለገበሬዎቹ የተከፈለው ከሚገባቸው በታች መሆኑን አረጋገጠ። ከጠቅላላ ወጪው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት የሆነ ገንዘብ ነበር የተሰሳበት።

የመሸጋገሪያ አገር ጉልበት ወሰኑ

ለመከራከሪያዬ ከባዱ ፈተና ሰሜን አፍሪካ ነው። ከ1996 ጀምሮ የአልጄሪያን ጋዝ በሞሮኮ በኩል ወደ ስፔን ያደርስ የነበረው የማግሬብ–አውሮፓ ቧንቧ በጥቅምት 2021 መጨረሻ ተዘጋ። እዚህስ የመሸጋገሪያ አገር ጉዳይ አይደለምን? ነው፤ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ። የዘጋችው አቅራቢዋ አልጄሪያ ናት። በነሐሴ 2021 ከሞሮኮ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን ካቋረጠች በኋላ ያበቃውን ውል አላደሰችም። ይህን ለማድረግ የቻለችው ከ2011 ጀምሮ ሜድጋዝ የተባለ፣ ከቤኒ ሳፍ ተነስቶ በባሕር ውስጥ በቀጥታ አልሜሪያ የሚገባ ሌላ ቧንቧ ስላላት ነው። አማራጭ መንገድ ያለው ሻጭ ፊት መሸጋገሪያነት ጉልበት አይሆንም። የተጎዳችው ከዚያ ጋዝ ሁለት ጣቢያዎቿን ታንቀሳቅስ የነበረችው ሞሮኮ ናት። በሰኔ 2022 እሷም መፍትሔ አገኘች፦ ከዓለም ገበያ ፈሳሽ ጋዝ ገዝታ፣ ስፔን ላይ ወደ ጋዝነት አስመልሳ፣ በዚያው ቧንቧ ወደ ደቡብ አስመጣች። ሁለተኛው ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው።

አሁን በዕቅድ ላይ ያሉት መስመሮች ከእነዚህ እጅግ የገዘፉ ናቸው። ከናይጄሪያ በኒጀር በኩል ወደ አልጄሪያ የሚዘልቀው የሰሃራ ተሻጋሪ ቧንቧ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ የመንግሥታት ስምምነቱ ከ2009 ጀምሮ ተፈርሞ ተቀምጧል። በ2016 ይፋ የሆነው የናይጄሪያ–ሞሮኮ ቧንቧ ደግሞ የምዕራብ አፍሪካውን መስመር ቀጥሎ ከአሥር በላይ አገሮችን ይነካል። በሁለቱም ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው ስለሚታለፉት አገሮች መረጋጋት ነው። የኒጀር የ2023 መፈንቅለ መንግሥት ስጋቱን እንዳባባሰው አልክድም። ሆኖም የሁለቱም መነሻ ጋዝ የሚጠበቀው 678 ኪሎ ሜትሩን ቧንቧ አዘውትራ መሙላት ካቃታት አገር ነው።

የእኛም አካባቢ የራሱ ምሳሌ አለው። ኢትዮጵያና ጅቡቲ በየካቲት 2019 ከሶማሌ ክልል ጋዝ ወደ ዳመርጆግ የሚወስድ የ767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ለመዘርጋት ተፈራረሙ። የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ያኔ አርባ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። በወቅቱ በአደባባይ የተወራው ስለ ቧንቧው ርዝመትና ስለ ወደቡ ነበር፤ ከጉድጓዱ በየቀኑ ምን ያህል ጋዝ እንደሚወጣ፣ ዳመርጆግ ላይ ሲደርስ ለሃያ ዓመት የሚገዛው ማን እንደሆነ ብዙም አልተጠየቀም። ጅቡቲ እንቅፋት አልሆነችም። በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር ከአልሚው ፖሊ ጂሲኤል ጋር የነበረውን ውል ማቋረጡን አስታወቀ። በ2025 የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ በሌላ አሠራር ተመረቀ፤ ጋዙ እዚያው ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ በመኪና ለአገር ውስጥ ፍጆታ እንዲጓጓዝ ነው የታሰበው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ቧንቧ አልተዘረጋም።